የምድር ቤቱ አዝመራ

ዓለሙ ውሸቱን የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ መንገድ፣ አበበች ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዱ «አሁን የት ነው የምትሠራው?» ቢለው «ላቦራቶሪዮ» አለ። በቃ፣ የቀረውን ሰው ራሱ ሞላለት። የእርሻ ሚኒስቴር ለመስኖ ትምህርት ሮም ልኮት፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ መታሰራቸውን ሰምቶ ሳይመለስ የቀረ ሰው ላቦራቶሪዮ ካልሠራ ማን ሊሠራ ነው? ጊዜው ሰባ ሰባት ነው፤ የአገር ቤት ድርቅ በየጣሊያኑ ቴሌቪዥን ይታያል። «ምንድን ነው የምትመራመረው?» ሲሉት ደግሞ «በትንሽ ውሃ፣ ያለ አፈር የሚበቅል እህል» ብሎ ጨመረበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ከዚያ ቀን ወዲህ አበበች ጥብሱን ስታቀርብለት ከሌላው ሰው አብልጣ ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። ዓለሙ የሚሠራው ሳልቫቶሬ የሚባል ጋራዥ ያለው ሰው ዘንድ ሲሆን፣ ከጋራዡ ሥር ባለው ምድር ቤት የሚያበቅለው ሐሺሽ ነው። ሳልቫቶሬ ቶሎ ደርሶ ቶሎ ይሸጥለት እንጂ ስለ ተክሉ ግድ የለውም። ዓለሙን ግን ትምህርቱ አላስቀምጥ አለውና ተክሉን በሦስት መደብ ከፍሎ በሦስት ዓይነት መንገድ ውሃ ያጠጣው ጀመር። አንደኛውን መደብ ፖምፓ እየገፋ ሥሩን ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ ውሃው ይመለሳል። ለሁለተኛው በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ ይልለታል። ሦስተኛው ሞተር የሚባል የለውም፤ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ፣ ከበርሜል የተነከረ የጨርቅ ክር ውሃውን እየሳበ ለሥሩ ያደርሳል። ጠዋት ጠዋት ከመደብ መደብ እየዞረ ቅጠሉን ሲያነጻጽር ልቡ ደስ ይለዋል። የሚያነጻጽረው ምን እንደሆነ ትዝ ሲለው ደግሞ ብቻውን ያፍራል። ብቻን ማፈር ክፉ ነው፤ አይዞህ ባይ የለውም።

እንግዲህ በዚህ ላይ ፍቅር ያዘው። አበራሽ ሀብታም ጣሊያኖች ቤት የምትሠራ የላስታ ልጅ ናት፤ እሷም አትጠላውም። አባቷ አቶ ሃብተማርያም ገበሬ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸው ኖሮ ሚሲዮኖች አሳክመው ሊመልሷቸው ሮም አምጥተዋቸዋል። ኦፕራሲዮኑ ሰመረላቸው፤ በዚሁ ሳምንት ቅዳሜ ይመለሳሉ። የዓለሙ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ሳይሄዱ ሽማግሌ ልኮ አበራሽን መጠየቅ።

እሁድ አበበች ቤት ምሳ እየበሉ ሳለ አበራሽ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ «አባዬ፣ ያለ አፈር የሚያበቅለው እሱ ነው» አለቻቸው።

«እህል ነው የሚያበቅለው?» አሉ አቶ ሃብተማርያም።

«አዎን፣ እህል ነው» አለች፣ በዓለሙ ፈንታ።

«አሳየኛ፣ ልጄ። ዓይኔን ካገኘሁ ወዲህ ያየሁት ድንጋይና መኪና ብቻ ነው።»

ቤቱ በሙሉ ዓለሙን ያየዋል። «ዛሬ ዶሜኒካ አይደል፣ ዝግ ነው» ሊል ሲል አበራሽ ቀደመችው። «ኪያቬው፣ የበሩ ቁልፍ፣ አንተ ጋ ነው ብለኸኝ የለ? አሎራ፣ እንግዲያው ውሰዳቸው። እኔ ሲኞራዋ እንግዳ አለባት፣ መግባት አለብኝ።» ሳልቫቶሬ እሁድ እሁድ ባሕር ዳርቻው፣ ኦስቲያ ነው የሚውለው። ዓለሙ ሰበብ አጣ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያየው ትንሽ ኮራም።

ምድር ቤቱን ሲከፍት መብራቱ እንዳይወጋቸው ጥቁር መነጽራቸውን እንዳያወልቁ ለመናቸው። አወለቁት። አረንጓዴው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው።

«ዓይኔ ሳይጋረድ መጨረሻ ያየሁት ማሳ አመድ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ዓለሙ ሳይጠየቅ ያብራራ ጀመር፤ የሚያፍር ሰው ወሬ ያበዛል። ፖምፓውን አሳያቸው። ቱቦዎቹን አሳያቸው። አቶ ሃብተማርያም ጣታቸውን ከቱቦው ሥር አድርገው አንዲት ጠብታ ተቀበሉና ቀመሷት።

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ሁለቱ ይቆማሉ፣ አባባ። በፖምፓ የሚጠጣው ፈጥኖ ያድጋል፣ ውሃው ከቀረበት ግን ፈጥኖ ይሞታል። ጠብታው ውሃ ይቆጥባል፤ ቱቦው ስለሚደፈን ግን ጠባቂ ይፈልጋል።»

«ይችስ?»

«እሷ በጨርቅ ክር ነው የምትጠጣው። እድገቷ ዝግ ይላል። መብራትም ሞተርም ግን አትፈልግም፤ በርሜሉ ውስጥ ውሃ እስካለ ትኖራለች።»

ይህን ሲናገር አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ ድምፁም ስለዚሁ ቀና ብሎ ነበር። ሰውየው ሦስተኛውን መደብ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይች የድሃ ናት» አሉ። «ሽታዋ ይከብዳል። የፈረንጅ እህል ሆና ነው?»

«አዎን፣ አባባ።»

ያን ጊዜ ቆባቸውን አወለቁና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ዓለሙ ምን ሊመጣ እንደሆነ ገባው።

«ጌታዬ፣ ይችን ቡቃያ ባርክልኝ።»

«አሜን» አለ ዓለሙ። አባት ሲመርቅ ዝም ብሎ መቆም አልለመደም።

«ላስታ አድርሳት። ፍሬዋን የተራበ ይብላት።»

«አሜን።»

«ሁለቱ የልጅ ልጆቼ እፍኝ ቆሎ አጥተው ሄዱብኝ። የቀሩት ከዚች ይጥገቡልኝ።»

 ሰውየው እጃቸውን እንደዘረጉ ጠበቁት።

«አሜን» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የተከላትንም እጅ ባርክ።»

«አሜን።» መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ያለው ምድር ቤት ነው፣ ከዚያ በታች መግቢያ የለም።

አቶ ሃብተማርያም ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። «እንግዲህ ዘሯን ስጠኝ። ጥቂት ይበቃኛል። ክሩን እኔው አላጣም።»

ዓለሙ ይህን አላሰበውም ነበር። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ በክፉ ቀን ዘር የከለከለ ሰው በአገሩ ስሙ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃል። ቢሰጥ ደግሞ እኚህ ሰው በመሐረብ ቋጥረው የሚሄዱት ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ዘሩ የመንግሥት ነው፣ አባባ። አይወጣም።»

«ጥቂት ብቻ?»

«አልችልም።»

መሐረቡን በዝግታ አጠፉት። «ዘር የሚነፍግ መንግሥት እኛም አገር አለ» አሉ። ትራም ላይ ከዓለሙ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ማክሰኞ ዕለት ሲኞራዋ ስትወጣ ጠብቃ አበራሽ ደወለችለት። «አባዬን ምን አደረግሃቸው? ‹ተምሯል፣ እጁ ግን አይፈታም› ይላሉ። ዘር ከለከልካቸው?»

«አበራሽ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም...»

«እፍኝ ዘር እኮ ነው የጠየቁህ። ሽማግሌ እልካለሁ ያልከውን ተወው። ምን ብዬ ነው ለእሳቸው የምነግራቸው?»

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ ዓለሙን ግን ከበደው። ንፉግ መባሉን ሊሸከመው አልቻለም። ውሸታም መሆኑን ያውቃል፣ ሕገ ወጥ መሆኑንም ያውቃል፤ ንፉግ ግን አልነበረም። እውነቱን ብናገር ያዝኑልኝ ይሆናል ብሎም ተስፋ አደረገ። ሰው ተስፋ ሲያደርግ መቼም ቂል ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚወጣበት ነው። አባትና ልጅን ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያው አጠገብ፣ ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛቸው። በአቶ ሃብተማርያም ጉልበት ላይ ከገበያው የተገዛ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ይኸውልህ» አሉት፣ ጨርቁን መታ መታ አድርገው። «ዘሩን ብትከለክለኝ ዘዴውን አልከለከልከኝም። ይህን ቀድጄ ክር አደርገዋለሁ። በማሽላ እሞክረዋለሁ።»

ዓለሙ ጨርቁን ሲያይ የመጣበት ነገር ሊጠፋው ደረሰ። ቆሞ ነው የተናገረው፤ መቀመጥ አልደፈረም።

«አባባ፣ ዘሩን የከለከልኩዎት ነፍጌ አይደለም። እህል አይደለም። ሐሺሽ ነው፤ እያጨሱ የሚሰክሩበት። ላቦራቶሪዮም የለም። ቤቱ የአንድ ጋራዥ ምድር ቤት ነው። እኔ የባለ ጋራዡ ተቀጣሪ ነኝ።»

አበራሽ ፊቷን ወደ ገበያው አዞረች። ሰውየው ግን ዓለሙን ነበር የሚያዩት።

«ሰው አይበላውም?»

«አይበላውም።»

«ከብትስ?»

«ከብትም ቢሆን፣ አባባ።»

 «ዘሩን በመከልከልህ ደግ አደረግህ» አሉ። «ሥራህንም አልፈርድበትም፤ ሰው በሰው አገር ያገኘውን ይሠራል። መዋሸትህም ይሁን፤ አፍረህ ነው።»

የዓለሙ ልብ ትንሽ መለስ አለች።

«የሞቱብኝን የልጅ ልጆቼን አንሥቼ፣ እጄን ዘርግቼ ስጸልይ ግን አጠገቤ ቆመህ ነበር። አሜን ለምን አልክ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» ሊል ፈለገ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ አስጠላውና ዋጠው።  በዕድሜው ብዙ ጊዜ አፍሯል፣ እንደዚህ ግን አፍሮ አያውቅም።

አቶ ሃብተማርያም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። አበራሽ ጨርቁን ተቀበለቻቸው። ዓለሙ፣ አባት ሲሰናበት እንደሚደረገው፣ አንገቱን ደፍቶ እጁን እፊቱ አጣምሮ ምርቃቱን ጠበቀ። ያሳደጉት እንዲያ ነው፤ ገላው ሳያስፈቅደው ጎነበሰ።

ምንም አልመጣም። ቀና ሲል አባትና ልጅ መንገዱን ተሻግረው፣ አበራሽ ጨርቁን ብብቷ ሥር ይዛ፣ ከገበያው ሰው ጋር ተቀላቅለው ነበር።