ሰፋ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ እንዴት እንደተጋባን እንጃ።

ልጃችን ሚጡን ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ይዟታል። ሆስፒታል እጇን የምታለማምዳት ቴራፒስት "ቤት ከእናንተ ጋር ካልሠራች እዚህ የምንለፋው ከንቱ ነው" ስላለችን፣ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ሸሚዟን ራሷ ትቆልፋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጆቼን ጭኔ ስር እደብቃለሁ፤ አለዚያ ዘልዬ ልቆልፍላት ነው።

ሰሞኑን ግን ጉድ ታየ። ላቧ ጠብ እስኪል ትታገለው የነበረውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ ትጨርሰው ጀመር። ልጄ እየዳነች ነው ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። አባቷ ብቻ ስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

"አንተ ድንጋይ፣ ደስ አይልህም ወይ?" አልኩት።

"ይለኛል" አለ፤ ቀና ግን አላለም።

የቀጠሯችን ቀን ሚጡን ቴራፒስቷ ፊት አቁሜ አስቆለፍኳት። ቴራፒስቷ ሸሚዙን ዳበስ ዳበስ አደረገችና "ሰፍቷል እኮ" አለች።

"እንዴታ! አባቷ ነው የሰፋው" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

"ቀዳዳው ማለቴ ነው። የቁልፉ ቀዳዳ ሰፍቷል።"

ሌላ ሸሚዝ አለበሰቻት። ሚጡ አንድ ቁልፍ እንኳ ማስገባት አቃታት። እጇ ከበፊቱም ደክሟል። "ከእንግዲህ የምንለፋው ያላትን ለማቆየት ነው" አለችኝ ቴራፒስቷ በለሆሳስ።

ቤት ስደርስ ባሌ ላይ ጮህኩበት። "እንዴት ታታልለኛለህ? ዳነች ብዬ እኮ ነው ለጎረቤት ሁሉ ያወራሁት!"

"ሲያቅታት ፊቷን ማየት አልቻልኩም" አለ። "ሳታየኝ ነው ያሰፋሁት። እሷ አታውቅም።"

"አውቃለሁ" አለች ሚጡ ከበሩ ላይ። "አባዬ ደስ እንዲለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ባሌ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ ጠዋት ሚጡ ቀዳዳው ሰፍቶም ከቁልፎቹ ጋር ብዙ ታገለች። እጆቼን ጭኔ ስር ደበቅኩ። በመጨረሻ ሸሚዙን አውልቃ ለአባቷ ዘረጋችለት።

"አባዬ፣ ቀዳዳውን ትንሽ ጨምረህ አስፋልኝ" አለችው።

ባሌ እኔን አየኝ። ያ ሁሉ አፌ የት እንደገባ እንጃ። መቀሱን አንስቼ አቀበልኩት።