ቁልቁል የወረደው መስመር

ፊሊፕ ስክሪኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ሞቷል» አለ። «በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ የእርሳሱን ክሪስታል ትሠሪያለሽ።»

ኦስሎ፣ ሄልስፊር ሰፈር ባለው ቢሯችን ምድር ቤት፣ ከራጅ ማሽኑ ክፍል ውጪ ቆመናል። በወፍራሙ መስታወት ማዶ ያለው የኔ ክሪስታል ነው፤ ቢስሙዝ ከሚባል ብረት ያሳደግኩት፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት፣ ፔሮቭስካይት የሚሉት የክሪስታል ዓይነት። ራጅ ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበረበት። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ግን ዜሮ ላይ ተጋድሟል።

«አልሠራም» አልኩት።

«ምኑን?»

«እርሳሱን። ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ሆስፒታሎች መሣሪያውን አርጅቶ ሲጥሉት ያ ሁሉ እርሳስ የት ይገባል?»

«ያ፣ ያ፣ አውቃለሁ። ግን እርሳሱ ይሠራል፣ ያንቺው ተኝቷል።» አለቃችን ፊሊፕ ያደገው እዚሁ ኦስሎ፣ ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ነው፤ ሲናደድ አማርኛው ይፈጥናል፣ ኖርዌይኛም ይቀላቅልበታል። «ኮሪያ ድረስ ሄደሽ ይሄንን ነው ተምረሽ የመጣሽው፣ ሄርሜላ?»

ነካኝ። ወደ ኦስሎ ከተመለስኩ ወዲህ ራሴን ስጠይቀው የከረምኩት ነገር ነው። እዚያ የሠራ ክሪስታል እዚህ ለምን እምቢ ይላል? ወይስ እዚያም የሠራልኝ ፕሮፌሰሬ አጠገቤ ስለነበሩ ብቻ ነው? ቢሆንም ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

«መክብብ፣ የቱን ፊት ወደ ላይ አድርገህ ነው ያስቀመጥከው?»

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው መክብብ ሳቀ። «ደግሞ ፊት አለው እንዴ? ሜካፕ ልቀባው?»

አልፈረድኩበትም፤ እርሳሱን ሲለካ ነው የኖረው። የእርሳሱ ክሪስታል በባትሪ ስለሚሠራ ቢገለበጥም ግድ የለውም። የኔው ባትሪ አይፈልግም። ቀድሜ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስሰጠው ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ቻርጆች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ቮልቴጁ ሲነሳም እንደተሰለፉ ይቀራሉ። ክሪስታሉ ከተገለበጠ ኤሌክትሪኩም ተገልብጦ ይፈስሳል።

«ፕሮግራሙ ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ምን ያደርገዋል?»

«ቆርጦ ዜሮ ያደርገዋል። የማሽኑ ረብሻ ነዋ።»

«አታስቆርጠው።»

መክብብ ፈቃድ ፍለጋ ፊሊፕን አየው።

«እሱን ምን ታየዋለህ? የለመንኩህ እኔ ነኝ።»

መክብብ የፕሮግራሙን ማጣሪያ አነሳና ራጁን ከፈተ። መስመሩ ቁልቁል ወረደ። ሲዘጋው ተመለሰ። ሲከፍተው እንደገና ወረደ።

«በስመአብ!» አለ መክብብ። «ሄርሙዬ፣ በጀርባው ነው ለካ ያስተኛሁት።»

ራጁን ዘግቶ ገባና ገለበጠው። ወጥቶ ሲከፍተው አሁን መስመሩ ሽቅብ ወጣ።

ፊሊፕ ቁጥሩን ጠጋ ብሎ አነበበ። «የእርሳሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም።»

«አይሞላም።»

«ደንበኞቹ ሐሙስ ይመጣሉ። የምናሳያቸው እርሳሱን ነው።»

«ሁለቱንም ነው የምናሳያቸው። ካልሆነ ሌላ ሠራተኛ ፈልግ።»

«ናይ፣ ሄርሜላ! ክሪስታሉ የድርጅቱ ነው።»

«ውሰደው። ሁለተኛውን ማን እንደሚያሳድግልህ ግን አስብበት።»

መክብብ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፊሊፕ ወደ መስመሩ ዞረ።

«እስከ ሐሙስ ቢደክምስ?»

ልዋሸው እችል ነበር። «ሊደክም ይችላል» አልኩት። «ከደከመ እዚያው ፊታቸው ቮልቴጅ እሰጠዋለሁ፤ እንደገና ይሰለፋል። ያላዩትን ነገር ይዩ።»

«ሁለት ጠረጴዛ አዘጋጅ» አለው ፊሊፕ መክብብን፣ እኔን ሳያይ።

«ጎን ለጎን» አልኩ።