ኮምጣጣዋ ወይን

ጋሽ ፈንታው ስለ ጥቁሯ ወይናቸው ክፉ መስማት አይወዱም። ቅርንጫፏን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከደብረ ወርቅ አምጥተው የተከሏት ራሳቸው ናቸው። ነጩንና ቀዩን ወይን የሰጣቸው የሚስታቸው ወንድም ነው። አሁን ለልጃቸው ክፍል ሊሠራ ነው፤ የማርቆሱ ግቢያቸው ደግሞ ጠባብ ነውና ከሦስቱ አንዱ መቆረጡ ግድ ሆነ።

«የሚኮመጥጠው ይቆረጣ» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ።

«የትኛው ነው የሚኮመጥጠው?» አሉ ጋሽ ፈንታው፣ እንዳላወቀ ሰው።

ዘንድሮ ሦስቱም በጥር ደረሱ። በጥር ማርያም ዝክር ላይ እንግዳ ቀምሶ ይፍረድ ተባባሉና ወይኑ በሦስት ሳህን ቀረበ። ግን ዳኝነትና ይሉኝታ መቼ አብረው ውለው ያውቃሉ? ነጩን የቀመሰ «ማር ነው» አለ። ቀዩን የቀመሰም «ማር ነው» አለ። ጥቁሩን የቀመሰ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ይኼም ማር ነው» አለ። የንስሐ አባታቸው ጭራሽ «ሁሉም የእግዜር ፍሬ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አፍ ቢዋሽ እጅ አይዋሽም። የነጩና የቀዩ ሳህን ባዶ ሲቀር የጥቁሩ እንደተሞላ ቁጭ አለ። ጋሽ ፈንታው አዩት።

«ነገ እቆርጣታለሁ» አሉ ቀስ ብለው። እትዬ ጥሩነሽ እንኳ ረታሁ ብለው አልኮሩም።

ይኼኔ ተከራያቸው ሂዊ ከባሏ ከየሺዋስ አጠገብ ተነሥታ መጣች። ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ሰሞኑን እህል አልስማማት ብሎ ስትገረጣ ሰንብታለች። ጥቁሩን ሳህን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንድ ፍሬ ጎረሰች፤ ደገመች፤ ከዚያማ በዘለላ በዘለላው ወረደችበት። እንግዳው ወሬውን ትቶ ያያታል።

«ጣፈጠሽ?» አሉ ጋሽ ፈንታው፣ በተስፋ።

«ኧረ ይኮመጥጣል፣ ጋሽዬ» አለች አፏ እንደሞላ። «እንዲህ የሚኮመጥጥ ነገር ነው ያማረኝ።»

እትዬ ጥሩነሽ ትኩር ብለው አዩዋት፤ ቀጥለው ባሏን። የሺዋስ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ጋሽ ፈንታው ወይናቸው በሰው ፊት ኮምጣጣ ተብላ ደስ ሲላቸው የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው።

«ብዪ፣ ልጄ» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። ወደ ባላቸው ዞረውም፣ «እርጉዝ ያማራትን አንቆርጥም። ክፍሉ በቀዩ በኩል ይሠራ» አሉ።

«የወንድምሽን ልቁረጥ?»

«የወንድሜን ቁረጥ።»