በሩዝ ያኮረፈ አንጀት

የሩዝ አገር በሆነችው ዳውሌ ውስጥ በሩዝ ጉዳይ ዶን ሳቱርኒኖ ሮንኪዮን የሚያስተምር ሰው አልተወለደም፤ ቢያንስ እሳቸው የሚያስቡት እንደዚያ ነበር። ሰባት ልጆች ያሳደጉት ከገዛ ማሳቸው በወጣ ሩዝ ነው። ተቅማጥ የያዘው ጎረቤት ሁሉ ደጃቸው ይመጣል፤ እሳቸውም ሩዝ ቀቅለው፣ ውሃውን አጥልለው፣ ቆንጠር አድርገው ጨው ይጨምሩና ያጠጡታል። ይድናልም።

እናም የስድስት ወሩ የልጅ ልጃቸው ዳሪዮ የመጀመሪያ የሩዝ ገንፎውን በበላ በሁለት ሰዓቱ ማስመለስ ሲጀምር፣ ማንን እንደሚቆጡ ለማወቅ አልተቸገሩም። እናቱን፣ ልጃቸውን ሊሴትን ነዋ!

"ጡጦውን አፍልተሽ እጠቢ አላልኩሽም? ዝርክርክ!"

"ኧረ አባዬ፣ ሁለቴ አፍልቼዋለሁ!"

"ታዲያ በሽታው ከሰማይ ወረደ?"

ከሰዓት ተቅማጡ ሲከተል የሩዝ ውሃቸውን በማንኪያ በማንኪያ አጠጡት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ እንደገና ያስመልስ ጀመር፤ ፊቱ አመድ መሰለ፣ አንገቱ ዝልፍልፍ አለ። አቤት የዚያን ቀን ሩጫ! ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶለት ነፍስ ዘራ። ኢንፌክሽን ነው ተባሉና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እንዲያገግም ደግሞ አያቱ ምን ቢሰጡት ጥሩ ነው? የሩዝ ውሃ! እንዲህ እያሉ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገባ።

በሦስተኛው፣ ትልቋ ከተማ ጓያኪል ሲወስዱት፣ ፓሬደስ የምትባል ሐኪም እስከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች።

"ከማስመለሱ ሁለት ሰዓት በፊት ምን ቀመሰ?"

"ምን ይቀምሳል፣ ሩዝ ነዋ" አሉ ዶን ሳቱርኒኖ።

"ሦስቱንም ጊዜ?"

ሊሴት አባቷን ቀስ ብላ አየቻቸው። "ሦስቱንም ጊዜ" አለች።

"እንግዲያው የሩዝ አለርጂ ነው።"

"የኔ ሩዝ? ወይ ጉድ! ልጄ፣ አንቺ የከተማ ሰው ስለሆንሽ ነው። ያደረጉለት የደሙም የቆዳውም ምርመራ ምንም የለበትም አላለም እንዴ?"

"አዎ አባት፣ ያ ምርመራ ይሄኛውን አያገኘውም። ይሄ አንጀት ውስጥ ያለ ነው። እዚያ ያሉት የሰውነት ዘበኞች ሩዙን ጠላት ነው ብለው ይነሱበታል፤ ሲዋጉ የሚያቆስሉት ግን የገዛ ቤታቸውን ነው። አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። እስከዚያ ግን ጠብታ እንኳ እንዳታቀምሱት።"

ዶን ሳቱርኒኖ ክው አሉ። በገዛ እጃቸው! ሊሴትን ግን ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ኩሩ ናቸዋ።

ዳሪዮ ሦስት ዓመት በድንችና በአረንጓዴ ሙዝ ቅቅል አደገ፤ ደግሞ እንዴት ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ ወጣው! ከዚያ ዶክተር ፓሬደስ አለርጂው ትቶት እንደሆነ ልትሞክር ጠራቻቸው። ለጥንቃቄ ክንዱ ላይ የግሉኮስ መርፌ ሰክታ፣ ሩዙን በትንሽ በትንሹ አበላችውና አራት ሰዓት ጠብቁ አለቻቸው።

አንደኛው ሰዓት በደህና አለፈ። ሁለተኛው ሊሞላ ሲል ልጁ እናቱ ጭን ላይ ዝልፍልፍ አለ።

"ቅድስት ናርሲሳ ድረሽልኝ! ዶክተር!" ዶን ሳቱርኒኖ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ያዙ። "ሊሴትዬ፣ ይቅር በይኝ! አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜም የሰደብኩሽ እኔው ነኝ…"

ዶክተሯ የልጁን ጉንጭ ዳሰሰች፣ የልብ ምቱን አዳመጠች።

"እንቅልፍ ወስዶት ነው" አለች።

ሊሴት ሳቅም እንባም ቀደማት። "አባዬ፣ ይህን ለመናገር የግድ ልጄን እንቅልፍ ሊወስደው ይገባ ነበር?"

አራተኛው ሰዓት ሲያልቅ ዳሪዮ ዓይኑን እያሻሸ ተነሳና "ራበኝ" አለ። ዶክተሯ "ትቶታል" ብላ የተረፈውን ሩዝ በዓይኗ አሳየቻቸው። ሊሴት ማንኪያውን አነሳችና ለአባቷ ዘረጋችላቸው።

"እርስዎ ያጉርሱት።"

ተቀበሏትና ግማሹን ልጁ ሸሚዝ ላይ እየደፉ አጎረሱት።