እማማ ሽቱ የባሕር ጥናት ሲያዳምጡ

እማማ ሽቱ ለልጃቸው የኢንተርኔት ንግግር ክታቸውን ለብሰው እኔ ዘንድ መጡ። ጥልፍ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ፀጉራቸውን ደግሞ ቅቤ ተቀብተው።

«ክብረት ስታየኝ ከስታለች እንዳትል» አሉኝ።

ክብረት አብሮ አደጌ ናት። ታንዛኒያ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሆና ወንዝ ወደ ባሕር ይዞት ስለሚገባው ቆሻሻ ታጠናለች። እናቷ ድምጿን በስልክ ይሰማሉ እንጂ ዓይኗን ካዩ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ንግግር ላይ እኛ እሷን እንጂ እሷ እኛን እንደማታይ ልነግራቸው አሰብኩና አልጨከንኩም፤ ወንበር ሳብኩላቸው።

ወቅቱ የ2011 ክረምት ነው፤ እንጅባራ ላይ የማይቋረጠው ዝናቡ ብቻ ነበር። ኔትወርኩን እየተራገምኩ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ላፕቶፕ ከፈትኩ። ክብረት ብቅ ስትል እማማ ሽቱ ቀና ብለው ተቀመጡ። እንግሊዝኛውን እኔ እተረጉምላቸው ጀመር።

«ሳሙናውም ፕላስቲኩም ወንዙን ተከትሎ ባሕሩ አፍ ላይ ይከማቻል ትላለች። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ነው፤ እያለቀ ነው። ላይ ያለው ሰው ታች ያለውን ረሳው ትላለች።»

«ይሄማ የእኔ ቁጣ ነው!» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ልጆች ሳለን እዚሁ ኮሶበር ያለው ምንጫችን ሥርዓት ነበረው፤ ከአናቱ ለመጠጥ፣ ዝቅ ብሎ ለከብት፣ ከሁሉም በታች ለልብስ። ከላይ እግሯን የነከረች ልጅ የእማማ ሽቱን ቁጣ አታመልጥም። እሳቸው ታች ልብስ ሲያሹ ነጠላቸው እየተንሸራተተ ውሃ ይገባል። እኔና ክብረት በአንድ አፍ «ነጠላ!» ብለን እንጮሃለን፤ እሳቸውም በእርጥብ እጃቸው ይረጩናል። ያ ጊዜ በጣም ይናፍቀኛል። ዛሬ በየግቢያችን ቧንቧ አለ፤ የሚቆጣን ሰው ግን የለም።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «እናትሽ አጠገቤ ናቸው። የምታዪያቸው መስሏቸው ለብሰው መጥተዋል።»

ክብረት አነበበችና ወደ ካሜራው ጠጋ አለች። ከዚያ ያ ሁሉ ምሁር እየሰማ፣ በአማርኛ «እማየ» አለች። «ነጠላሽ ወርዷል፤ አስተካክይው እንጂ።»

እማማ ሽቱ ትከሻቸውን ዳበሱ። እውነትም ወርዷል። ወደ ላይ ሳብ አደረጉትና በኩራት ወደ እኔ ዞሩ።

«አየችኝ» አሉ።

«አየችዎት» አልኳቸው እንባዬ እየመጣ። የዋሸሁ አልመሰለኝም።