ባትሪ የሌለው ቴሌግራፍና የአለቃው ቀበቶ

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጥፍሩ እውነት ነው። ብዋሽ ምላሴን ይቁረጠው!

በምድር ጫፍ፣ በረዶ መሀል በቆመች የእንጨት ቤት ውስጥ አንዲት ሴት አንዲት መርፌ ትጠብቅ ነበር። ሰዉ «ባለመርፌዋ» ይላታል። መርፌዋ ማግኔት ናት፤ በሐር ክር ተንጠልጥላ ትውላለች። መቼም ፀሐይም የራሷ ነፋስ አላት፤ ነፋሱም የፀሐይን ማግኔት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ያ የፀሐይ ማግኔት ወደ ደቡብ የዞረ ቀን የምድር በር ወለል ብሎ ይከፈትና፣ ከዋልታው በላይ ባለው ሰማይ ኮረንቲ እንደ ጎርፍ ይጋልባል። ያኔ መርፌዋ ትደንሳለች።

ችግሩ፣ በአንድ ወር ሦስቴ ደነሰች፤ ባለመርፌዋም ሦስቴ «የፀሐይ ማዕበል መጣ!» ብላ ጮኸች፤ ሰማዩ ግን ጭጭ። አለቃው ተናደደ። የመርፌዋ ክፍል ይዘጋ፣ እሷም ወደብ ወርዳ ጆንያ ትቁጠር አለ። በጎረቤት ክፍል ያለውን የቴሌግራፍ ባትሪዎች ሳይቀር አስነቅሎ መኪና ላይ አስጫነ።

ባለመርፌዋ መዝገቧን ለመጨረሻ ጊዜ ስታገላብጥ አንድ ነገር በራላት። ሦስቱም ቀን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ አለቃው ለቁጥጥር ይገባል። በሩ ላይ «ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ አለቃ ግን አለቃ ነው፣ ማን ይከለክለዋል? የቀበቶው የብረት ዘለበት የሻይ ሰሃን ያክላል።

ረፋድ ላይ አለቃው ቁልፉን ሊረከብ ሲመጣ በሩ ላይ ተገተረች።

«ጌታዬ፣ ቀበቶዎን ይፍቱልኝ።»

«ምን አልሽ?»

«መርፌዋን የሚያሳብዳት እሱ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ይሄን ቀበቶ በሠርጌ ቀን እንኳ አልፈታሁትም!»

«እንግዲያማ ሚስትዎን እግዜር ያጽናልዎት።»

ሾፌሩ ከመኪናው ውስጥ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ፊቱ በርበሬ መስሎ ቀበቶውን ፈታ፤ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ገባ። መርፌዋ ጸጥ! ባለመርፌዋ «አዩ?» ልትል አፏን ስትከፍት ግን መርፌዋ ብድግ! ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ።

«በይ እንግዲህ፣ አሁንስ ምኔን ልፍታልሽ?» አለ አለቃው።

«ጥርስዎ… ብረት ይሆን?»

«የራሴ ነው!»

ጆንያዎቹ ዓይኗ ላይ ተደረደሩ። ይሄኔ ከጎረቤት ክፍል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ሁለቱም ሮጡ። ባትሪ የሌለው ቴሌግራፍ ብቻውን ያወራል! እስከ ወደብ የተዘረጋው መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ሽቦ ከሰማዩ የኮረንቲ ጎርፍ የድርሻውን ጠጥቷል።

ባለመርፌዋ ወደብ ላለው ቴሌግራፈኛ ወንድሟ መታች፤ «ወንድምዬ፣ ይሰማሃል?»

መልሱን እየቆጠረች ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ኧረ ቀስ በይ እቴ! ዛሬ ምን በልተሽ ነው? ጆሮዬን በጠስሽው!»

«ባትሪ የለኝም፤ በፀሐይ ነው የማወራህ።»

«ውሸታም! በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ።»

አለቃው አላስቻለውም። ወጣት ሳለ ቴሌግራፈኛ ነበርና ሱሪውን ረስቶ በሁለት እጁ የቴሌግራፉ መምቻ ላይ ተወርውሮ መታ፤ «እውነቷን ነው። ምስክሩ እኔ አለቃዋ ነኝ። ክፍሉ አይዘጋም!» ቀና ብሎም ሾፌሩን «ባትሪዎቹን አውርድ!» አለው። ሾፌሩ ግን ደጃፉ ላይ በሳቅ ሆዱን ይዞ ተንበርክኳል፤ የአለቃው ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷላ!

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ያ ቀበቶ በሩ ላይ የእንጨት ችንካር ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ሁሉም እውነት ነው። በአለቃው የውስጥ ሱሪ ላይ ያሉት ቀያይ አበቦች ብቻ… እስካሁን አልነገርኳችሁም? እንግዲያው ልናዘዝ፤ እነሱን የዘራኋቸው እኔ ነኝ።