መምህሩ የጻፉት ዝምታ

«ቁም! መምህሩ እዚህ ላይ ምን ጻፉ?» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት፣ ትሮምቦናቸውን ከአፋቸው አውርደው።

መሸሻ ጡሩንባውን በመሐረብ ወለወለ። ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ ወዲህ ጠጉሩን ቅባት እየቀባ ጣልያንኛ የሚለማመድ ሰው ነው፤ እስካሁን የገባው ግን ለማጎንበስ የሚበቃው ብቻ ነበር።

«ዕረፍት ነዋ፣ ጋሼ። ባዶ ቦታ። እኔ ልሙላው ነው የምለው።»

«ባዶ አይደለም። ዕረፍትም እንደ ድምፁ ተጽፏል። ሁላችንም ዝም እንድንል አዘዋል፤ ዝም እንላለን። ከዚያ ትሮምቦኑ ብቻውን ይጀምራል፤ እናንተ ትከተላላችሁ።»

«የጣልያኑ ሻምበል፣ ካፒታኖው፣ ሊሰማን ይመጣል እኮ! ለሙዚቃ ጓዱ ሰው እየመረጠ ነው። ዝም ብሎ የተገተረውን ማን ይወስዳል?»

«ተዝካር ላይ ገበያ መቆሙን አላወቅሁም ነበር» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። ከበሮ መቺው ቡልቻ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

መምህር ኃይለመስቀል ሁሉንም ከፊደሉ ጀምረው ሙዚቃ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ይህን የሐዘን ዜማ የጻፉት በሞት አልጋቸው ላይ ሆነው፣ ለገዛ ተዝካራቸው ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅም የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እንደጻፉት ተጫወቱልኝ።»

በተዝካሩ ዕለት ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደጃፍ ቆመው ጀመሩ። ካፒታኖው ወንበር ወጥቶለት፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ዜማው ከዕረፍቱ ሲደርስ ሁሉም መሣሪያውን ዝቅ አደረገ፤ መሸሻ ግን ደረቱን ነፍቶ የሰርግ ቤት ጭፈራ የመሰለ ነገር ያንጫርረው ጀመር። በየመካከሉ ካፒታኖውን ሰርቆ ያያል፤ የቤት ድመት እንኳ ሥጋ ስትለምን ከዚህ የተሻለ ክብር አላት። ካፒታኖው አጨበጨበ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

መሸሻ ጨርሶ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ ትሮምቦኑ ዞረ። ተጫዋቾቹ ሁሉ አቶ ተክለሃይማኖትን ይጠብቃሉ። እሳቸው ግን መሣሪያውን አላነሡም።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!» አለ በሹክሹክታ። «ሰውየው እያየን ነው!»

አቶ ተክለሃይማኖት ወደ እሱም ወደ ወንበሩም አልተመለከቱም። መምህሩ የጻፉትን ዕረፍት ከመጀመሪያው ምት አንሥተው፣ ሳይቸኩሉ በእግራቸው ጣት ይቆጥሩ ጀመር።